ያለአግባብ የተገኘ ገንዘብና ንብረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ያለአግባብ» በትክክል ምን ማለት ነው?

«አግባብ» ከ«ገባ» የወጣ ቃል ነው። «ይገባኛል» ስንል ድርሻዬ ነው፣ መብቴ ነው ማለታችን ነው። «አይገባውም» ስንል ደግሞ ያ ነገር በእርሱ እጅ የሚቆይበት ምክንያት የለም እያልን ነው። ስለዚህ «ያለአግባብ የተገኘ» የምንለው ውል፣ ሕግ፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሌላ የሚያጸናው ምክንያት ሳይኖር ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ጥቅም ነው።

ቃሉ የሚመዝነው ምክንያቱን እንጂ የሰውየውን ልብ አይደለም። ተቀባዩ ምንም ሳያጠፋ፣ ሳያውቅም ጭምር፣ ያለአግባብ ሊጠቀም ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጠብ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። አንዱ «ያለአግባብ የወሰድከውን መልስ» ሲል ሌላው «ሌባ አልከኝ» ብሎ ይሰማዋል፤ ክብሩን ለማዳን ሲሟገት ገንዘቡን ለመመለስ ያለው ፈቃደኝነት ይጠፋል። ስድብ የመሰለው ቃል በሕጉ ቋንቋ ስድብ የለበትም። «ይህ ነገር በአንተ ዘንድ የሚቆይበት ምክንያት የለውም፣ ወደ ባለቤቱ ይመለስ» ማለት ብቻ ነው።

«አላግባብ» እና «ያለአግባብ» ልዩነት አላቸው?

የትርጉም ልዩነት የላቸውም። «አለ» የ«ያለ» የቆየ መልክ ነው፤ በሕግ መጻሕፍት «አላግባብ መበልጸግ» የሚለው ጸንቶ ቆይቷል፤ በጋዜጣና በደብዳቤ «ያለአግባብ» ይበዛል። «በሥልጣን አላግባብ መገልገል» ሲባል ግን የወንጀል ስያሜ ስለሆነ ከዚህ ከያዝነው ጉዳይ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን ከቁጥር 2162 ጀምሮ ይዞታል። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አላግባብ መበልጸግም በዚያው የአውሮፓ የሕግ ትውፊት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አልነበረም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለ ሕዝብ ያውቀዋል።

የቁጥር 2162 ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ያለ በቂ ምክንያት ከሌላው ሰው ሥራ ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ለዚያ ሰው ካሣ ይከፍላል። ከሳሽ የሆነ ሰው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። ሌላው ወገን ተጠቅሟል፤ ጥቅሙ የተገኘው ከእኔ ሥራ ወይም ንብረት ነው፤ ለጥቅሙ ምክንያት የሚሆን ውል ወይም ሕግ የለም። «አጥፍቷል» ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። የዚህ ሕግ ደግነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማንንም ሳያዋርድ ሚዛኑን ያስተካክላል።

ልኬቱም «በተጠቀመበት መጠን» ነው። የእርስዎ ጉዳት አንድ መቶ ሺህ ብር ሆኖ የሌላው ጥቅም ስልሳ ሺህ ብቻ ከሆነ በዚህ መንገድ የሚጠይቁት ስልሳውን ነው። ቀሪውን ለመጠየቅ የሰውየውን ጥፋት ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ያ ሌላ ክስ ነው።

የማላውቀው ገንዘብ ወደ ሒሳቤ ገባ። ምን ላድርግ?

አይንኩት። ለሚያምኑት ሰው እንኳን «እስኪጣራ አንተ ጋር ይቀመጥ» ብለው አያስተላልፉት። ወደ ባንክዎ ቅርንጫፍ ሄደው በጽሑፍ ያሳውቁና ደብዳቤዎ ላይ መቀበያ ማኅተም ያስመቱ። ያ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ቅን ልቦናዎን የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ በኋላ ማንም «ደብቆ ነበር» ሊልዎት አይችልም። በቴሌብር ከሆነ 127 ይደውሉና የግብይት መለያ ቁጥሩን ያስመዝግቡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ልንገራችሁ። ስልክዎ ላይ «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል። ወዲያው አንድ ሰው ይደውላል፦ ድምፁ የተጨነቀ፣ «ለታመመች እናቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፣ በስህተት ላክሁልዎት፣ እባክዎ በዚህ ቁጥር ይመልሱልኝ» ይላል። መልእክቱ የሐሰት ነው፤ ወደ ሒሳብዎ የገባ ነገር የለም፤ የሚልኩት የራስዎን ገንዘብ ነው። የሚጠቁት ደጋግ ሰዎች መሆናቸው በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ አጭበርባሪው የሚጠቀምበት «የሰው ገንዘብ አልነካም» የሚለውን ጨዋነታቸውን ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ መልእክቱን ትተው በመተግበሪያው ወይም በቅርንጫፍ ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ ደዋዩ በሚነግርዎት ሌላ ቁጥር አይመልሱ፤ ተመላሹ በባንኩ ወይም በአገልግሎቱ በኩል ወደ መጣበት ሒሳብ ይሂድ። እውነተኛው ላኪ በዚህ አይከፋም።

ካልመለስሁስ ወንጀል ይሆንብኛል?

ገንዘቡ ሳያውቁ መግባቱ ወንጀል አይደለም። የእርስዎ አለመሆኑን ካወቁ በኋላ እንደራስዎ አውጥተው መጠቀም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደ አፈጻጸሙ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ድንበሩ ማወቅ ነው።

በቅርብ ዘመን ሀገር ያየው ትልቁ ምሳሌ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት በባንኩ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በፍጥነት ተዛመተ፤ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ ተወስዷል ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ፤ ባንኩ በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።

ከዚያ ሌሊት የምወስደው አንድ ነገር አለ። የሲስተሙ ጥፋት የባንኩ ነበር፤ ይህ ግን ገንዘቡን የወሳጁ አላደረገውም። «ጥፋቱ የእነርሱ ነው» የሚለው መከራከሪያ ዛሬም በየጉዳዩ ይነሳል። ስህተቱን የሠራው ማንም ይሁን ማን፣ ጥያቄው «ይህ ገንዘብ በአንተ እጅ የሚቆይበት ምክንያት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ለዚያ መልስ ከሌለ ይመለሳል። ስምና ፎቶግራፍ መለጠፉን ግን አልወደድኩትም፤ የገንዘብ ጥያቄን በአደባባይ ማዋረድ ማስፈጸም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፣ በተለይ ገና ዕድሜያቸው ለጋ በሆኑ ተማሪዎች ላይ።

ገንዘቡን ሳላውቅ አጥፍቼዋለሁ። አሁንም ልመልስ?

ሕጉ እዚህ ላይ ርኅራኄ አለው። ተቀባዩ በቅን ልቦና ከነበረና ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ያ ጥቅም በእጁ እንደሌለ ካስረዳ፣ በዚያ መጠን ላይመልስ ይችላል። የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርሱ ነው፤ «በላሁት» ማለት ብቻውን አይበቃም። በገንዘቡ ዕዳ ከከፈሉበት ወይም ዕቃ ከገዙበት ጥቅሙ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። መመለስ እንዳለበት እያወቀ ያጠፋ ወይም ለሌላ ያሸሸ ሰው ደግሞ ይህ ከለላ የለውም። በክፉ ልቦና የተቀበለ ከሆነም ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይጨመርበታል፤ በሌላ መንገድ ካልተወሰነ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው።

በስህተት የላክሁት እኔ ነኝ። ባንኩ ለምን ዝም ብሎ አይመልስልኝም?

ባንኩ የሌላውን ደንበኛ ሒሳብ ያለ ፈቃዱ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መቀነስ ስለማይችል ነው። ዛሬ የሚያናድድዎት ይኸው ጥበቃ ነገ የእርስዎን ሒሳብ ይጠብቃል። ባንኩ ተቀባዩን አግኝቶ ሊያነጋግርልዎት ይችላል። ተቀባዩ እሺ ካላለ የሚቀረው ክስ ነው፤ ገንዘቡ እንዳይወጣ የዕግድ ትእዛዝ መጠየቅም ይቻላል። መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 ነው፤ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ፍጥነት ዋጋ አለው፤ በዚያው ቀን ያመለከተ ሰው ገንዘቡን ከነነፍሱ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከዐረብ ሀገር የላክሁት ገንዘብ ወንድሜ በስሙ ቤት ሠራበት። ያለአግባብ በልጽጓል ማለት እችላለሁ?

ከሚጠየቁት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ለዓመታት የሠራች እህት፣ ደመወዟን በየወሩ ለወንድሟ ስትልክ፣ «ስትመጪ የምትገቢበት ቤት» እየተባለች፣ ስትመለስ ካርታው በወንድሟ ወይም በሚስቱ ስም ወጥቶ ታገኘዋለች። የጉልበቷ ዋጋ ነው የተወሰደው። ነገር ግን ሕጉን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ማጽናናት ብቻውን አይረዳም።

በመጀመሪያ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የወጣለት ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ መነሳት ከባድ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ወንድም «ብድር አይደለም፣ ለቤተሰብ የላከችው እርዳታ ነው» ይላል። ብድር ነው ብላ ብትከራከር ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ እንጂ በምስክር አይረጋገጥም። ወንድምና እህት መካከል ማን ውል ይጽፋል! ውክልና ሰጥታው ከነበረ ግን አቋሟ ይጠነክራል፤ ወኪል ለወካዩ የሥራውን ሒሳብ የማሳየትና በውክልናው ያገኘውን የማስረከብ ግዴታ አለበት። ውልም ውክልናም በሌለበት የሚቀረው አላግባብ መበልጸግ ነው፦ ገንዘቤ ሄዷል፣ እርሱ ቤት አግኝቷል፣ ስጦታ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። እዚህ ላይ የምትጠይቀው ቤቱን ሳይሆን ወንድሟ የተጠቀመበትን ያህል ገንዘብ ነው።

የሚያድነው ማስረጃ ነው። የሐዋላ ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫ፣ «ቆርቆሮው ተገዛ፣ ለግንበኛው ላኪልኝ» የሚሉ የድምፅና የጽሑፍ መልእክቶች፣ የግንባታው ፎቶግራፎች። ስልክ ሲቀየር መልእክቶቹ እንዳይጠፉ አስቀምጧቸው። በውጭ ሀገር ያላችሁና አሁን እየላካችሁ ያላችሁ እህቶች፣ እባካችሁ ስትልኩ ለምን እንደላካችሁ በመልእክት ጻፉ፤ «ለቤቱ መሠረት ማስጣያ» የምትል አንዲት መስመር ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። ከተቻለ ደግሞ በኤምባሲ በኩል ውክልና ስጡና ቤቱ ከመጀመሪያው በስማችሁ ይሁን። ይህ ወንድምን መጠራጠር አይደለም፤ የወደፊቱን ጠብ አስቀድሞ መዝጋት ነው።

ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሽማግሌ መሞከርን እደግፋለሁ። ሽማግሌዎቹ «የእናት ልጆች ናችሁ፣ ተዪው» የሚሉ ብቻ ከሆኑ ግን የእርቅ ስም የተሰጠው ሌላ በደል ነው።

ደመወዝ በትርፍ ተከፍሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊቆርጥብኝ ይችላል?

ትርፉ መመለሱ አይቀርም፤ ክፍያው ምክንያት የለውምና። አቆራረጡ ግን ልክ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሊቆረጥበት አይችልም። ስሌቱን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት እንዳለዎት አይርሱ።

መክፈል ሳይገባ ተከፍሎም የማይመለስ ገንዘብ አለ?

አለ። ዕዳ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ፣ ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ የከፈለ ሰው ኋላ ዞሮ «መልስልኝ» ማለት አይችልም። የመጠየቂያ ጊዜው ያለፈበትን ዕዳ የከፈለም እንዲሁ፤ በክስ ባይገደድም ዕዳው የኅሊና ዕዳ ነበርና፣ ተቀባዩ የገዛ ገንዘቡን ነው ያገኘው። ይህ የሕጉ ክፍል ደስ ይለኛል፤ ኅሊና የጠየቀውን ክፍያ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል።

ሳልለፋበት ያገኘሁት ሁሉ ያለአግባብ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ስጦታ የሰጪው ፈቃድ አለው፤ ውርስ ሕጉ ወይም ኑዛዜው አለው፤ የሎተሪ ዕጣ ቲኬት የተገዛበት ውል ነው። ልፋት አለመኖሩ ምክንያት አለመኖር ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «ጸጋ» የሚባለውም ሰው በሥራው ያልተገባው፣ በሰጪው ቸርነት ግን የእርሱ የሆነ ስጦታ ነው። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ «የሰው ሐቅ አልበላም» ሲባል ደግሞ ከዚህ ከያዝነው ሐሳብ ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ ሐቁ የማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው። ስለዚህ ድንገት ሀብት ያገኘን ሰው ሁሉ «ያለአግባብ በለጸገ» ማለት ቃሉን ማርከስ ነው፣ ሰውንም መበደል ነው።

«ያለአግባብ ከሥራ ተባረርኩ» ማለትስ?

ቃሉ አንድ ቢሆንም ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ የሚታየው በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ የተቋረጠበት መንገድና ምክንያት ነው፤ በአቤቱታ ላይ ትክክለኛው አጠራር «ከሕግ ውጭ የተቋረጠ የሥራ ውል» ነው። ወደ ሥራ መመለስን ወይም ካሣን ይጠይቃሉ፤ አላግባብ መበልጸግን ግን መጥቀስ አያስፈልግም።

ደመወዙ የሚታወቅ ባለሥልጣን ፎቅ ሲሠራ በዚህ ሕግ መጠየቅ ይቻላል?

በፍትሐ ብሔር አይደለም፤ ከማን እንደተወሰደ የሚያሳይ ከሳሽ ስለሌለ። ለዚህ የወንጀል ሕጉ «ምንጩ ያልታወቀ ንብረትና ገንዘብ መያዝ» የሚል የራሱ ስያሜ አለው፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ይመለከተዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅም በዚሁ መስክ የወጣ ነው። ጥቆማ ለፖሊስ ወይም ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርባል።

አቤቱታ ሳጽፍ ምን ልጠንቀቅ?

ጸሐፊው «ተከሳሽ በማታለልና በመስረቅ» ብሎ እንዲጀምር አይፍቀዱ፣ ያንን ማስረዳት ካልቻሉ በስተቀር። ማታለልን ጽፈው ማታለልን ካላስረዱ ጥሩውን ጉዳይዎን በራስዎ ላይ አከበዱት። በመካከላችሁ ውል ካለም በውሉ ይክሰሱ፤ ውል ራሱ ምክንያት ስለሆነ አላግባብ መበልጸግ በላዩ አይቆምም። ውል ከሌለ እንዲህ ያለ ቀላል አረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ከሳሽ በዚህ ቀን፣ በዚህ የግብይት ቁጥር፣ ይህን ያህል ብር ወደ ተከሳሽ ሒሳብ በስህተት አስተላልፌአለሁ። በመካከላችን ለዚህ ክፍያ ምክንያት የሚሆን ውልም ሆነ ዕዳ የለም። ተከሳሽ በዚህ ቀን በጽሑፍ ተጠይቆ አልመለሰም። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162 እና 2164 መሠረት ገንዘቡን ከወለዱ ጋር እንዲመልስ ይወሰንልኝ።» ደረሰኙን፣ የባንክ መግለጫውንና የጽሑፍ ጥያቄዎን ቅጂ ከአቤቱታው ጋር ያያይዙ፤ ዋናዎቹን ግን ለችሎት ይዘው ይቅረቡ እንጂ ለማንም አሳልፈው አይስጡ።